የፈረንሳዊቷ ኳኳታ

ጀብሪል ከንፈሩ ደምቶ ከብረት ለበሷ ሆድ ብቅ ሲል፣ አባቱ ረዲ ቀድሞ ያየው ደሙን ሳይሆን የራሱን የእጅ ሥራ ነበር። ከከባድ መኪና ጎማ ቆርጦ ያወጣቸው ጥቁር ቀለበቶች በብረት ዘንጎቻቸው ላይ እንደተሰኩ፣ እርስ በርስ እንደተጣበቁ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ድርቅ ብለው ተቀምጠዋል። ደሙን ያየው ልጁ በእጁ ጀርባ ሲጠርገው ነው። ያኔም ማየት ብቻ አየው። አንድ አባት ልጁ ሲደማ ሲያይ የሚሰማው ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ጠበቀው፤ አልመጣም።

ግቢው የድሮ የእህል መጋዘን ነው፤ ከመርሳ በስተደቡብ፣ ወደ ውርጌሳ መውጫው ላይ። ጦሩ ከሰፈረበት ወዲህ ከእህሉ የቀረ ነገር ቢኖር ሽታው ብቻ ነው። ሌሊት የጣለው የሐምሌ ዝናብ መሬቱን አላቁጦታል። ወታደሮቹ በጭቃው ላይ ድንጋይ እየረገጡ ወደ መኪናዋ ተጠጉና፣ ጥቂቶቹ ልጁን እያዩ ሳቁ፣ ሌሎቹ ሻምበሉን እያዩ ሳቃቸውን ዋጡ። ሻምበል ሲሳይ መሐንዲስ ነው፤ ወባ ያመነመነው፣ ከቁጣው ድካሙ የሚቀድም ሰው። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራትና ከመንኮራኩሯ ሥር ቁጢጥ ብሎ ቀለበቶቹን በአውራ ጣቱ ተጫናቸው። እሺ አላሉትም።

ከተማው «ፈረንሳዊቷ» ይላታል። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ፈረንሳዮች ለቅኝት ብለው ከሠሯቸው ቀላል ብረት ለበሶች አንዷ ናት ይባላል፤ በሰንሰለት የምትሄድ፣ ቁመቷ ከሰው ትከሻ የማይዘል፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። ወሎ እንዴት እንደገባች በውል የሚያውቅ የለም። አንዱ በጅቡቲ ባቡር መጣች ይላል፣ ሌላው እንግሊዝ ሲወጣ ጥሏት ነው ይላል፣ ለአንድ የየጁ ባላባት ልጅ ጥሎሽ የመጣች ናት ብለው የሚያሾፉም አሉ። የማያከራክረው ነገር፣ ደሴ ጦር ሰፈር ጥግ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ ዶሮ ስታስፈለፍል መኖሯ ነው። ጊዜ ሲከፋ ግን ጡረታም ይሰረዛል። ጦሩ ትግራይን ለቆ ከወጣ ወዲህ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ሌሊት ሌሊት ፈንጂ ይቀበር ጀመር። ደህና ደህናዎቹ ታንኮች ሰሜን ቀልጠው ቀርተዋል፤ ወልድያ ያለው ጦር ደግሞ ዱቄትና ጥይት ይጠብቃል። ከመኪኖቹ ፊት ፊት የሚሄድ፣ ፈንጂም ካለ ቀድሞ የሚረግጥ ብረት አስፈለገ። ሻምበል ሲሳይ ዶሮዎቹን አባሮ ፈረንሳዊቷን በጭነት መኪና አስጭኖ መርሳ አመጣት። የጭነት መኪና ሞተር ገጠመላት፤ ሞተሩ ሠራ። አልሠራ ያለው እግሯ ነው።

ሌላ መኪና በባሌስትራ፣ ተደራርቦ በታሰረ የብረት ቅጠል ላይ ያርፋል። የሷ አሠራር ከዚያ ይለያል። ሻምበሉ ለረዲ እንዳጫወተው፣ ፈረንሳዮቹም መጀመሪያ የብረት ሞላ አድርገውላት ነበር፤ ነጂው ሁሉ ወገቡን እየያዘ ሲወርድ ጊዜ ነው ብረቱን ትተው ጎማ ያሰቡት። መንኮራኩሩ ድንጋይ ሲረግጥ የሚነሳው ክንድ በዘንግ ላይ የተደረደሩ የጎማ ቀለበቶችን ይጨምቃል፤ መንገዱን ጎማው ይውጠዋል፤ ነጂው ጋ የሚደርስ የለም። የዚያ ዘመን ጎማ ግን ዛሬ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሯል። ጎማው ከሌለ ብረት ብረትን ይደልቃል፤ ሰንሰለቷ ይወልቃል፣ ነጂዋ ይደማል። ኳኳታዋማ ለጉድ ነው። መርሳ ላይ ስትነቃነቅ ጊራና ያለ ሰው ከእንቅልፉ ይነሳል እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ሻምበሉ የባሌስትራ ቅጠል ሞከረ፣ አልገጠመለትም። ከዚያ አንድ ቀን የአንድ ገበሬ እግር ላይ ከጎማ የተቆረጠ በረባሶ አየ። በመርሳ ገበያ በረባሶ ማን ይቆርጣል ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም ረዲን ጠቆመው። ረዲ ከጎማ ጋር ያረጀ ሰው ነው፤ ካራውን በውሃ እያራሰ ሲቆርጥ ጎማው ቅቤ ይመስለዋል። ሻምበሉ መጀመሪያ ቀን ከተራራው ማዶ ያሉት ፈንጂ ቀባሪዎችም የሚጫሙት ያንተን ሥራ ነው አሉ ብሎ ነገር ቢጤ ጣል አደረገበት። ረዲ እግር ሁሉ እግር ነው አለው። ሻምበሉ ሳቀና ከዚያን ቀን ጀምሮ እርስዎ ይለው ጀመር።

ነገር ግን ሻምበል ሲሳይ አስቦ የሚሠራ ሰው ነው። የረዲ ሁለተኛ ልጅ ጀብሪል ጊራና ወርዶ ትራክተር ሲነዳ ታፍሶ ውርጌሳ በሰፈረው ጦር ውስጥ እንዳለ ከቀበሌ ሰማ። ትራክተር የነዳ ሰንሰለት መንዳት አይከብደውም፤ አስመጣውና የፈረንሳዊቷ ነጂ አደረገው። ለረዲም አልደበቀውም።

«የልጅዎን መቀመጫ አደላድለው እንደሚሠሩ አውቃለሁ» አለው።

ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ለረዲ ሳይቀለው አይቀርም ነበር፤ ክፉን ሰው ቢያንስ መጥላት ይቻላል።

የረዲ ልብ ግን ከዚያም በፊት የደነዘዘ ነው። የበኩር ልጁ አብዱልሐሊም ዘምቶ ናቅፋ ግድም ቀርቷል። ወሬውን ያመጣው አብሮት የነበረ፣ አንድ እጁን ጥሎ የተመለሰ የሲሪንቃ ልጅ ነው። ከመንግሥት በኩል የመጣ ነገር ስለሌለ ለቅሶ በወጉ አልተቀመጡም፤ ሞተ ሳይባል ማልቀስ ያስጠይቃል። ሚስቱ ቡርቱካን በር ዘግታ አለቀሰች። ረዲ ጎማ ቆረጠ። ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ እህል ይበላል፣ ጣዕሙን አያውቀውም። ቀልድ ሲነገር ሰዎቹን አይቶ ይስቃል። ብርድ ሲሆን ሚስቱ ጋቢ ደርብ ስትለው ይደርባል። ቁጭ ብለው ሲቆዩ እግር እንደሚተኛው ነው፤ የራስ ነው፣ የራስ ግን አይመስልም።

ትናንት ማታ ጀብሪል ፈቃድ ተሰጥቶት ቤቱ ራቱን በልቶ ነበር። ቡርቱካን ልጇን እያየች አልበላችም። መኪኖቹ ወደ ወልድያ የሚወጡበትን ሰዓት ጠየቀችው፤ አላውቅም፣ ይቺ ነገር በተሠራች ጊዜ ነው አላት። እሷም እንግዲያው ኳኳታዋ ይነግረኛል አለች። ቤታቸው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው፤ በመንገዱ የሚያልፈው አይታይም፣ ይሰማል። ለስንቅህ በቅቤ የተለወሰ ጭኮ አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ፣ ኳኳታዋን እንደሰማሁ አስፋልቱ ዳር ወጥቼ አቀብልሃለሁ አለችው። ጀብሪልም፣ እማ አትልፊ፣ ሳትወጪ አላልፍም፣ መንደሩን ሁሉ ቀስቅሼ ነው የማልፈው ብሎ አሳቃት። ረዲም ሁለቱን አይቶ ሳቀ።

አሁን ከግቢው ወንበር አጥቶ በተገለበጠ ሣጥን ላይ የተቀመጠው አሥር አለቃ በላይ ነው፤ የጉባ ላፍቶ ሰው፣ ቀለበቶቹን በዘንጎቹ ላይ ያስገባ መካኒክ። ሻምበሉ በሬድዮ ሲነጋገር ቆይቶ ሲወጣ ፊቱ ተለውጦ ነበር። ዋናው አዛዥ መኪኖቹ ዛሬ ከሰዓት ይውጡ ብሏል፤ ብረት ለበሷ ካልተሠራች ደግሞ ነገሩ አሻጥር ነውና አሻጥረኛው ተለይቶ ይቅረብልኝ ብሏል። አሻጥር የምትባል ቃል በዚያ ዘመን ከአንድ ሰው አፍ ከወጣች ሰው ሳትይዝ አትመለስም። ቀለበቶቹን የቆረጠው ረዲ ነው፤ ረዲ ግን የነጂው አባት ነው፣ ልጁን ሊያስደማ አይችልም። ስለዚህ ዕዳው ወደ መካኒኩ ወደ በላይ ዞረ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ አሥር አለቃው መሣሪያውን ተቀምቶ ጠባቂ ቆመበት። እሱም ዘይት የጠጣ እጁን እያገላበጠ ያያል።

ረዲ የቀትር አዛን ሲሰማ ዙህር ሊሰግድ ወጣ። መስጊዱ ቅርብ ነው። ደጃፉ ላይ ሰው ሁሉ በጭቃ የተለወሰ በረባሶውን ያወልቃል፤ አብዛኛው የሱ እጅ ሥራ ነው፤ ከቁርጡ ይለየዋል። ክረምት ሲሆን የመርሳ ሰው ጫማውን ደጅ አይተውም። በውሃ አለቅልቆ፣ ሶሉን ከሶሉ ገጥሞ፣ በአንድ እጁ ጨብጦ ይዞ ይገባል፤ ጭቃው ውስጥ ለውስጥ ይቀራል፣ ምንጣፍ አይነካም። ረዲም እንደ ሁልጊዜው በረባሶውን ሆድ ለሆድ ገጥሞ ጨበጠ። ጨበጠና ቆመ።

በረባሶው በእጁ ውስጥ ተነፈሰ። ጨበጠው፣ ገባ አለለት። ለቀቀው፣ ተመልሶ እጁን ገፋው። ደግሞ ጨበጠው።

ጎማ ዕድሜውን ሙሉ የዞረ ነገር ነውና ተቆርጦም መጉበጡን አይተውም። ያወጣው ቀለበት ሁሉ ጀርባና ሆድ አለው። ረዲ በረባሶ ለገበያ ሲያወጣ ሁሉንም በአንድ ፊት አዙሮ፣ የአንዱን ሆድ በሌላው ጀርባ ላይ አስተኝቶ በሽቦ ይሰካዋል፤ አንዱ በአንዱ ጉያ ይገባና እንደ ግንድ ይደርቃል፤ ለመሸከም ይመቻል። የፈረንሳዊቷንም ቀለበቶች ሳያስበው በዚያው ልማድ ነበር ሰክቶ ያስረከበው። በላይም እንደመጡለት ወደ ዘንጉ አሳለፋቸው። ጎማው ግንድ የሆነው ለዚህ ነው። አንድ ቀለበት ወዲህ አንዱ ወዲያ፣ ሆድ ለሆድ ጀርባ ለጀርባ ቢገጠሙ ኖሮ እንዲህ እንደ በረባሶው ይተነፍሱ ነበር።

ሰገደ። ከንፈሩ አነበበ፣ ግንባሩ ምንጣፉን ነካ፣ ልቡ አልተከተለውም። በሱጁድ ላይ ሳለ አንድ ሐሳብ ብቻ መጣበት። ይህን የሚያውቀው እሱና አላህ ብቻ ናቸው። እሱ ካልተናገረ ፈረንሳዊቷ አትሄድም፤ እሷ ካልሄደች ጀብሪል አይሄድም። ዝም አይነቅዝም። ሶላቱን በሰላምታ ሲዘጋ በስተቀኙም በስተግራውም ያሉትን ሰዎች ደህና አድርጎ አያቸው፤ ሁሉም እሱ የቆረጠውን ጫማ ከፊታቸው አስቀምጠዋል።

ወደ ግቢው ተመልሶ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ተቀመጠ ብቻ። ሻምበሉ መጥቶ ቀለበቶቹን ማሳሳት ይሻል እንደሁ ጠየቀው፤ እንጃ አለው። ሻምበሉ ሌላ ጎማ ቢቆረጥስ አለው፤ ጊዜ ይፈጃል አለው። ሁለቱም ውሸት አልነበሩም። በላይን እንዳያይ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። በላይ የልጆች አባት እንደሆነ ያውቃል፤ ቀለበቶቹን ሲያስገቡ አብረው ውለዋል፤ በላይ ጾም ይዞ ስለነበር የራሱን ምሳ ለረዲ ሰጥቶታል። ያን ምሳ እንደበላ ትዝ አለው እንጂ ምን እንደነበር ትዝ አላለውም። ሊያዝንለት ፈልጎ ነበር፤ ከየት ያምጣው።

ጀብሪል ከአጥሩ ጥግ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ኮቾሮውን፣ ያን ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ በውሃ እያራሰ ይበላል። ከንፈሩ አብጧል። ረዲ ተነሥቶ አጠገቡ ሄደ። ልጁ ተነሣለት፣ ቦታ ለቀቀለት፣ ተቀመጡ። ስለ ከንፈሩ ጠየቀው፤ ደህና ነው አለው። ስለ ዝናቡ ትንሽ አወሩ። ጀብሪል እናቱ ትናንት የበላበትን ሳህን እስኪመለስ ሳታጥብ ለብቻው አስቀምጣዋለች ወይ ብሎ ቀለደ፤ በእርግጥም አስቀምጣው ነበር።

«ባትሠራስ?» አለ ረዲ በመጨረሻ። «ዛሬ ባትሄድስ?»

ጀብሪል ማኘኩን አቆመ። «መኪኖቹ ይሄዳሉ አባ። እነሱ መሄዳቸው አይቀርም።»

«አንተስ?»

«እኔም።» ኮቾሮውን በመዳፉ አገላበጠው። «እሷ ካልተሠራች ከፊት በእግር የሚሄዱ ሰዎች ስማቸው ተጠርቷል። መሬቱን በዘንግ እየወጉ። የኔም አለበት። ለእማ አልነገርኳትም፤ እንዳይነግሯት።»

ከዛፉ ላይ የቀረ የዝናብ ውሃ ይንጠባጠብባቸዋል። ረዲ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸው፤ ልጁ ብረት ውስጥ ሆኖ ፈንጂ ሲረግጥ፣ ልጁ ያለ ብረት ፈንጂ ሲፈልግ። ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ብረቱ ቢያንስ ጥይት ይይዛል። ለፈንጂውም ቢሆን፣ ያልተናወጠ ሰው መሬቱን ደህና አድርጎ ያያል፤ የሚናወጥ ሰው የሚያየው ሰማይ ነው። ይህን ሁሉ በጎማ እንደሚያስብ ሰው አሰበው፤ የቱ ቁራጭ ለየትኛው እግር ይሆናል ብሎ።

«ቀለበቶቹ አገባባቸው ልክ አይደለም» አለ። «ግማሾቹ መገልበጥ አለባቸው።»

«አሁን ነው ያወቁት?»

«ዙህር ላይ።»

ልጁ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አያት። ዙህር ካለፈ ቆይቷል። በላይ ወደተቀመጠበት ሣጥን ዞሮ አየ፣ ከዚያ አባቱን አየ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ረዲ ደስ ይለው ነበር።

«አብሽሩ አባ፣ አይዞዎት» አለው ጀብሪል።

ረዲ ወደ ሻምበሉ ሄዶ ጥፋቱ የሱ መሆኑን ነገረው፤ እንደ በረባሶ ሰክቷቸው እንደነበር፣ በላይ የተሰጠውን እንዳስገባ። ሻምበሉ ትርፍ ቀለበቶች አስመጥቶ ሁለቱን ሆድ ለሆድ ገጠማቸውና በሁለት እጁ ተጫናቸው። ለቀቃቸው። ደግሞ ተጫናቸው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፤ ለካ ይህን እኔ ላስበው ይገባ ነበር አለ ለራሱ። መቼ አወቁት ብሎ ግን አልጠየቀም። ወደ አሥር አለቃው ሄዶ እጁን ይዞ አስነሣውና መሣሪያውን ራሱ መለሰለት።

ሥራው ፈጥኖ አለቀ። ፈረንሳዊቷን በክሪክ አነሷት፣ ብሎኖቹን ፈቱ፣ ዘንጎቹን አወጡ። ረዲ ከሥሯ በጀርባው ተኝቶ ቀለበቶቹን አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ እያደረገ ያቀብላል፣ በላይ ያስገባል። አንዳንዱ ቀለበት ከተጫነው ክብደት የተነሣ ተጣብቆ ስለነበር ረዲ በካራ ያላቅቀዋል። በዚያ መካከል በላይ እጁን ያዘው።

«ጋሼ ረዲ፣ እጅዎን ቆርጦዎታል እኮ።»

ረዲ አየው። ጠቋሚ ጣቱ በጥልቁ ተሰንጥቋል፤ ደሙ በጥቁሩ ጎማ ላይ አይታይም፣ በብረቱ ላይ ግን ይታያል። መቼ እንደቆረጠው አያውቅም። አላመመውም። በጨርቅ ጠቅልሎት ሥራውን ቀጠለ። በላይም ብሎኑን አጠበቀ።

ሁለተኛው ሙከራ ሲሆን ሻምበሉ ረዲን ከልጅዎ ጎን ይቀመጡ አለው። ጫማ ሠሪ ጫማውን መጀመሪያ ራሱ ተጫምቶ ያሳይ አለ፤ ፈገግ ብሎ ነበር፣ ትእዛዝ ግን ትእዛዝ ነው። ረዲ በጠባቡ ቀዳዳ ገብቶ ተኳሹ በሚቀመጥባት ቦታ ተጨናነቀ። ጉልበቱ ከልጁ ጉልበት ጋር ይነካካል። ከአብዱልሐሊም ወሬ ወዲህ ከጀብሪል ጋር እንዲህ ተጠጋግተው ተቀምጠው አያውቁም። ጀብሪል ሞተሩን አስነሣ። ከኋላቸው ሻምበሉ በዋዝ ጂፑ፣ ከሱ ኋላ የተጫኑት መኪኖች ሞተራቸውን አስነሱ፤ ረዲ መኪኖቹ ቦታ ሊለውጡ መሰለው።

ወጡ። ከግቢው በር ጉድጓድ ላይ ጀብሪል ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ፤ ፈረንሳዊቷ ዝቅ ብላ ተነሣች፣ እንደ ጠገበች ላም። በሰንሰለቱና በሞተሩ ድምፅ መካከል ያ ብረት ብረትን የሚደልቀው ነገር የለም። አስፋልቱ በተበላበት ቦታ ሁሉ ጎማው መንገዱን ዋጠው። የጀብሪል የውሃ ኮዳ ከእግራቸው መካከል ክዳኑ ተከፍቶ ቆሞ ነበር፤ ጠብታ አልፈሰሰም።

«አልጋ ናት አባ» አለ ጀብሪል፣ ባበጠ ከንፈሩ እየሳቀ።

ረዲ አዎ አለ። እውነቱን ነው። ድንጋዩ ያልፋል፣ ጉድጓዱ ያልፋል፣ እሱ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። እንዲህ ዓይነቱን አካሄድ ያውቀዋል፤ ሦስት ዓመት ሄዶበታል።

በከተማው መካከል ሲያልፉ ጀብሪል ወደ ቀኝ ባለችው ጠባብ መመልከቻ አጎነበሰ። በዚያ በኩል ነው ቤታቸው፤ ከአንድ ሱቅና ከአንድ የማሽላ ማሳ ጀርባ። ወደ ቤቱ የምታስገባው የእግር መንገድ ባዶ ነበረች። አስፋልቱ ዳርም ማንም አልቆመም። ጀብሪል ፍጥነቱን ትንሽ ቀነሰ።

«እማ አልወጣችም» አለ።

ሙከራ ነው፣ ስንመለስ ታገኛታለህ አለው ረዲ። ይህንንም ሲል ውሸት እየተናገረ አልመሰለውም።

ከከተማው በስተሰሜን፣ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ዋዙ ጡሩምባውን ነፋ። ቆሙ። ሻምበሉ ወርዶ በእጁ የብረቱን ጎን መታ መታ አደረገና ልክ ነው፣ ከዚሁ እንቀጥላለን አለ። ረዲ ሲወጣ ያየው መጀመሪያ የተሰለፉትን መኪኖች ነው፤ ሁሉም ተከትለዋቸዋል፣ ሸራቸው ታስሯል፣ ወታደሮቹ ላያቸው ላይ ወጥተዋል። ተኳሹ መትረየሱን አቅፎ ለመግባት ይጠብቃል። ረዲ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለ። ጀብሪል ከውስጥ ቀና ብሎ አየው፤ «ለእማ...» አለ፤ የተኳሹ እግር በመካከላቸው ገባና የቀረውን ሞተሩ ወሰደው።

ሰልፉ በሲሪንቃ አቅጣጫ ወጣ። ረዲ ድልድዩ ጥግ ላይ ቆሞ አየ። ፈረንሳዊቷ ከሁሉም ፊት፣ ትንሽ ሆና፣ አንድም ጊዜ ሳትናወጥ ትሄዳለች። መንገዱ ታጥፎ ከዓይኑ ስትሰወር ጆሮውን ሰጠ። መኪኖች ብቻ ይሰማሉ። ጥሩ ሥራ ነው ብሎ አሰበ። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ ይህ ጥሩው ነው፤ አለና መንገዱን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ቡርቱካን በረንዳው ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች። ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳለች፣ ጫማዋን አጥልቃለች፣ ጭኮው በቅጠልና በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው። ባሏን ስታይ ተነሣች። ፊቷ ላይ ያለውን ነገር ረዲ መጀመሪያ አላወቀውም፤ ካየው ብዙ ዘመኑ ነው። ተስፋ ነበር።

«መኪኖቹ አለፉ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። «ሁሉንም ሰማኋቸው። እሷ የለችበትም። ኳኳታዋን ጆሮዬን ተክዬ ስጠብቅ ነው የዋልኩት።» ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። «ሳትሠራ ቀረች አይደል? አልሐምዱሊላህ በለኝ።»

ረዲ አፉን ከፈተ።

ቡርቱካን መልሱን አልጠበቀችም። ጭኮውን ከጭኗ አንሥታ በእጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ ቤት አግባው፣ እንዳይደርቅ ክደነው፣ ማታ ሲመጣ ትኩስ ቅቤ ጨምሬ አቀርብለታለሁ አለችው፤ እሷም ያንን ለብቻው ያስቀመጠችውን ሳህን ልታጥብ ገባች።

ጭኮው ገና ሙቀት ነበረው። በርበሬ የነካው ቅቤ ከጨርቁ አልፎ ወደ መዳፉ ወረደ፣ በጣቶቹ መካከል ሄደ፣ የተጠቀለለችበትን ጨርቅ ዘልቆ የተሰነጠቀችው ጣቱ ጋ ደረሰ። ረዲ ደነገጠ። እጁን አላሸሸም። ያመዋል፤ ጣቱ፣ ከጣቱ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ውስጥ፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ የማይለይ ሕመም ያመዋል። ከውስጥ የሳህን ድምፅና ቡርቱካን ከንፈሯን ሳትከፍት የምታንጎራጉረው ይሰማዋል። በረንዳው ላይ ጭኮውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሞ፣ ከሰሜን በኩል ምንም ፍንዳታ እንዳይሰማ ጆሮውን ተክሎ ያዳምጥ ጀመር።